ከምድጃው የወጣው መንፈስ

ቤቱ አሮጌ ነው። በ1870 ገደማ የተሠራ፣ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ክፍሉ የበዛ፣ ለአሥር ዓመት ያህል ሰው ያልኖረበት። ኤሌክትሪክ አልገባለትም፤ የሚበራው በጋዝ፣ የሚሞቀው በአንድ ትልቅ ምድጃ ነው። በኅዳር 1912 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) አሜሪካውያን ባልና ሚስት ልጆቻቸውንና የቤት ሠራተኞቻቸውን ይዘው ገቡበት። ወለሉ ወፍራም ምንጣፍ ስለለበሰ የሰው ኮቴ አይሰማበትም። ገና በገቡ በጥቂት ቀናቸው ልባቸው ከበደ፤ ምክንያቱን ግን ማናቸውም ሊናገሩት አልቻሉም።

ከዚያ ኮቴው መጣ። ሚስትየዋ አንድ ቀን ጠዋት ከራሷ በላይ ባለው ክፍል ሰው ሲራመድ ሰማች። ደረጃውን ሮጣ ወጣች፤ ማንም የለም። ቀጥሎ ያለውን ክፍል አየች፤ ከዚያ በላይ ያለውንም ፎቅ አዳረሰች። በዚያ በኩል ከእሷ በቀር ነፍስ ያለው ፍጡር አልነበረም። ሌሊት ሌሊት ደግሞ ከዕቃ ክፍሉ ከባድ ዕቃ የሚጎተት የሚመስል ድምፅ ይሰማል። ባልየው በተቀመጠበት አንድ ሰው ከኋላው ቀስ ብሎ መጥቶ ሊነካው የደረሰ እየመሰለው ዞር ዞር ማለት አበዛ። ልጆቹ ገረጡ፣ ምግብ ዘጋቸው፣ ራሳቸውን አመማቸው። በየመስኮቱ የተቀመጡት አበቦች ሳይቀሩ ጠውልገው ደረቁ።

ከሁሉ የከፋው የመጣው በጠራራ ቀን ነው። ሚስትየዋ ወደ ምግብ ቤቱ ስትገባ ከወዲያ ጫፍ አንዲት የማታውቃት ሴት ወደ እሷ ስትመጣ አየች። ጸጉሯ ጥቁር ነው፤ ልብሷም ጥቁር ነው። ቆራጥ ሴት ናትና አልሸሸችም፤ ወደ ሴትዮዋ ቀጥ ብላ ሄደች። ስትቀርብ ጥቁር ለባሿ ጠፋች፤ በቦታዋ መስታወት ቆሟል፤ በመስታወቱ ውስጥ ደግሞ ነጣ ያለ የሐር ሸሚዝ የለበሰች ራሷን አገኘች።

ቤተሰቡ ከእነሱ በፊት በዚያ ቤት የኖሩትን አፈላልጎ ጠየቀ። እነሱም ተመሳሳይ ነገር ደርሶባቸው ነበር። ማንም ሰው እዚህ ላይ ሲደርስ ነገሩ አለቀለት ይላል፤ ቤቱ መንፈስ አለበት፣ ምስክርም ተገኝቷል። የባልየው ወንድም ግን ከብዙ ዓመት በፊት ያነበበው አንድ ጽሑፍ ትዝ አለው፤ በጋዝ ስለተመረዘና የሌለ ነገር ያይና ይሰማ ስለነበረ ቤተሰብ የሚተርክ ነው። ምድጃው ይታይ አለ። ምድጃው ሲፈተሽ ክፉኛ ተበላሽቶ ተገኘ። የሚነደው በቅጡ አይነድም፤ በጭስ ማውጫው መውጣት የነበረበት ጋዝ ወደ መኝታ ክፍሎቹ ይገባ ነበር። መርማሪው ልጆቹ አንድም ሌሊት እዚያ እንዳያድሩ አስጠነቀቀ። ምድጃው ተጠገነ። ኮቴውም፣ ጥቁር ለባሿም፣ ከኋላ የሚመጣውም ሰው አብረው ጠፉ።

ታሪኩን ለሕትመት ያበቃው ዊልያም ዊልመር የሚባል የታወቀ የዓይን ሐኪም ነው፤ በ1921 በአሜሪካ የዓይን ሕክምና መጽሔት ላይ። የዓይን ሐኪም ምን አገባው ለሚል፣ የጽሑፉ ርእሰ ጉዳይ ካርቦን ሞኖክሳይድ በዓይን ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ነበር። የቤተሰቡን ስም ሸሽጎ በአንድ ፊደል ብቻ ጠራቸው፤ የሆነውንም ሴትዮዋ ራሷ እንደጻፈችው አሰፈረው። ከመቶ ዓመት በኋላም ስለ መንፈስና ስለ ቤት አየር ከተጻፈው ሁሉ ይህን የሚያህል ጠንካራ ማስረጃ ያለው ጽሑፍ አላየሁም።

ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ዓይን አያቃጥልም፣ አያስልም። በሳንባ አልፎ ደም ውስጥ ሲገባ ኦክስጅንን ከሚሸከመው ሄሞግሎቢን ጋር ይጣበቃል፤ የመጣበቅ ኃይሉ ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ ነው። ስለዚህ አየሩ ውስጥ በጥቂቱ ቢኖርም ቀስ በቀስ የኦክስጅንን ቦታ ይወስዳል። ሰውየው ይተነፍሳል፣ ደረቱ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ደሙ ግን ለአንጎሉ የሚያደርሰው የለውም። መጀመሪያ ራስ ይከብዳል፤ ከዚያ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካም፣ የደረት መጨነቅ ይከተላል። ሲብስ ሐሳብ ይምታታል፤ አንዳንዱ ያልተነገረውን ይሰማል፣ የሌለውን ያያል። ንጹሕ አየር ያገኘ ሰው ደሙ ውስጥ ያለው ጋዝ በግማሽ ለመቀነስ አምስት ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። አበቦቹንስ ምን ገደላቸው? በደንብ ካልነደደ ነገር የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ብቻውን አይደለም፤ ኤቲሊን የሚባለው ጋዝም አብሮ ይወጣል፤ እሱ ደግሞ የተክል ጠላት ነው።

እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። መንፈስ ቤት ይዞ ይቀመጣል ይባላል። አንዱን ሰው ሳይሆን የገባበትን ሁሉ ያስጨንቃል፤ ሌሊትና በብርድ ወራት ይብስበታል፤ ከቤት ሲወጡ ይለቃል፣ ሲመለሱ ይይዛል፤ አንዱ ተከራይ ሲለቅ ለሚቀጥለው ይጠብቃል። ይህ ሁሉ ምልክት አንድም ሳይቀር የተበላሸ ምድጃ ምልክት ነው። ብርድ ሲመጣ ምድጃው ይነዳል፣ መስኮቱ ይዘጋል፤ ተከራይ ቢቀያየርም ምድጃው ያው ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን የእንግሊዝና የአሜሪካ ከተሞች ቤቶቻቸውን ያበሩበት የነበረው ከድንጋይ ከሰል የሚወጣ ጋዝ በካርቦን ሞኖክሳይድ የተሞላ ነበር፤ ያ ዘመን የመንፈስ ታሪክ የበዛበት ዘመን መሆኑን አይተው ሁለቱን የሚያገናኙ ጸሐፊዎች አሉ። እኔ ያን ያህል አልሄድም፤ የመንፈስ ታሪክ ጋዝ ባልነበረበት አገርም ሞልቷል።

የእኛ ቤት ጋዝ የሚመጣው ከከሰል ነው። ከሰል ውጭ ይቀጣጠላል፤ ጭሱ እስኪያልቅ ይራገባል፤ ፍም ሲሆን ማንደጃው ወደ ቤት ይገባል። ጭሱ ሲያልቅ አደጋውም ያለቀ ይመስለናል። ነገር ግን ጭስ ቢያንስ ያስላል፣ ያስለቅሳል፣ በር ያስከፍታል። ነበልባል የሌለው፣ ቀይ ሆኖ የሚያምረው ፍም ግን ካርቦን ሞኖክሳይድን ዝም ብሎ ይለቃል። ሐምሌ ወይም ነሐሴ ነው እንበል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ አምሽቷል፤ ክፍሏ ጠባብ ናት፤ በሩ ሥር ያለው ክፍተት በማዳበሪያ፣ የመስኮቱ ስንጥቅ በጨርቅ ተወትፏል። ቡናው ተጠጥቶ ያለቀ ቢሆንም ፍሙ ገና ስለሆነ ማንደጃው ወደ አልጋው ይጠጋል። የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ሥጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ደጋግሞ የሚያስጠነቅቀው ይህንኑ ነው፤ ጠዋት በሩ ተሰብሮ ሲከፈት ባልና ሚስት ከነልጆቻቸው ሞተው የተገኙበትን ዜና ያልሰማ የከተማ ሰው አይገኝም።

ለሞት ያላደረሰው ሌሊት ግን ዜና አይሆንም። በሩ ሥር ትንሽ ክፍተት ነበረ፣ ከሰሉ ጥቂት ነበረ፤ ሰዎቹ ራሳቸውን ይዘው፣ ደረታቸውን ከብዷቸው፣ በቅዠት ሲባንኑ አድረው ነጋ። በማግሥቱ ያው፣ በሳልስቱም ያው። ይህን የሚያደርግ ቤት በሰፈሩ ምን ተብሎ እንደሚጠራ አንባቢ ያውቀዋል። ቤቱ ከመሠራቱ በፊት መቃብር ነበር ይባላል፤ በአጥሩ ሥር የተቀበረ ነገር አለ ይባላል፤ ጸበል ይረጫል። ጸበሉን አልቃወምም። ካህኑ ጸበሉን ሲረጩ ግን በሩና መስኮቱ ወለል ብሎ ይከፈት፣ ማንደጃውም ይውጣ።

ስለ አራስ ቤት ትንሽ ልበል። በብዙ ቦታ አራስ ብቻዋን አትተውም፤ መንፈስ እንዳይጠጋት ከራስጌዋ ብረት ይቀመጣል፤ ቢላዋ ወይም ማጭድ። ብርድ እንዳይመታትም በሩ ይዘጋል፣ መጋረጃው ይወርዳል፣ ከሰሉ ቀን ከሌት አይጠፋም። እንግዲህ መንፈስ አብዝቶ የሚፈራበት ክፍልና ከሰል አብዝቶ የሚነድበት ክፍል አንድ ሆነው ተገናኙ ማለት ነው። ደም የፈሰሳት ሴት ኦክስጅን የሚሸከምላት ደም ቀድሞውንም አንሷታል፤ ሕፃን ደግሞ ከአዋቂ ይልቅ ቶሎ ቶሎ ስለሚተነፍስ ጋዙን ቀድሞ ይሞላል። አራስ አትተው የሚለው ልማድ እጅግ ደግ ልማድ ነው፤ አጠገቧ ያለ ሰው ካለ ስትደክም ያያታል። የሚጎድለው መስኮት መክፈቱ ብቻ ነው።

ስለ መንፈስና ስለ አካባቢ ሲነሣ ጋዜጦች አዘውትረው የሚያወጡት ታሪክ ግን ይህ አይደለም፤ የሻሞላው ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ቪክ ታንዲ የሚባል እንግሊዛዊ መሐንዲስ የሕክምና መሣሪያ በሚሠራ ድርጅት ቤተ ሙከራ ውስጥ ይሠራ ነበር። ሁለት ጋራዥ ጀርባ ለጀርባ ተገጥመው የተሠራ ጠባብና ረጅም ክፍል ነው፤ ርዝመቱ ዘጠኝ ሜትር ያህል። መንፈስ አለበት ይባላል፤ አንዲት የጽዳት ሠራተኛም ተጨንቃ ጥላው ወጥታለች። አንድ ምሽት ታንዲ ብቻውን ሲሠራ ብርድ ብርድ አለው፣ ላብ አጠመቀው፣ የማጅራቱ ጸጉር ቆመ። በግራ ዓይኑ ጠርዝ ግራጫ ነገር ብቅ አለ። እንደ ምንም ደፍሮ ፊቱን ሲያዞር ጠፋ። ታንዲ ወደ ቤቱ ሄደ።

በማግሥቱ የሻሞላ ውድድር ስለነበረበት ስለቱን ሊያስተካክል ወደዚያው ክፍል ይዞት መጣ። ሞርሳ ላይ አስሮት ዘይት ሊፈልግ ወጣ፤ ሲመለስ የስለቱ ጫፍ ማንም ሳይነካው ይርገበገባል። ሌላ ሰው ቢሆን በዚያው አገር ጥሎ በጠፋ። መሐንዲሱ ግን ሞርሳውን ወለሉ ላይ እየገፋ ሞከረው፤ ወደ ክፍሉ መሐል ሲጠጋ ርግብግቡ ይበረታል፣ ወደ ጫፍ ሲሄድ ይደክማል። በዚህ ነገሩ ገባው። በክፍሉ ውስጥ ጆሮ የማይሰማው ድምፅ ከግድግዳ ግድግዳ እየተመላለሰ ቋሚ ሞገድ ሠርቷል። የሰው ጆሮ ከ20 ሄርዝ በታች ያለውን ድምፅ በቅጡ አይሰማም፤ ይህኛው 19 ሄርዝ ያህል ነበር። የዚህ ድምፅ አንድ ሞገድ ርዝመቱ 18 ሜትር ስለሆነ ግማሹ ልክ በክፍሉ ርዝመት ይገባል። ምንጩ በቅርቡ የተገጠመ አየር ማውጫ ፋን ሆኖ ተገኘ። የፋኑ አገጣጠም ሲስተካከል ስሜቱም አብሮ ጠፋ። ታንዲ ታሪኩን ከቶኒ ሎውረንስ ጋር ሆኖ በ1998 አሳተመው፤ ግራጫውንም ነገር የዓይን ብሌን በዚያ ድምፅ ተንቀጥቅጦ የፈጠረው ነው አለ።

ደስ የሚል ታሪክ ነው፤ ደስ ማለቱ ግን እውነት አያደርገውም። ስለቱን ያርገበገበው ድምፅ መሆኑ አያጠራጥርም፤ ግራጫውን ሰው ያመጣው ድምፅ መሆኑ ግን የታንዲ ግምት ነው። የዓይን ብሌን በ18 ሄርዝ አካባቢ ይንቀጠቀጣል የሚለው መረጃ የመጣው ሰውነት በመሣሪያ ሲናጥ ከተደረገ ጥናት ነው፤ በአየር የሚመጣ ደካማ ሞገድና ሰውን ከነመቀመጫው የሚንጥ መሣሪያ እኩል ጉልበት የላቸውም። በ2003 ለንደን ውስጥ በሙዚቃ ዝግጅት ላይ 17 ሄርዝ ድምፅ በድብቅ እየተጨመረ ሰው ምን እንደሚሰማው ተጠየቀ፤ ድምፁ በነበረባቸው ዜማዎች ላይ ቀዘቀዘኝ፣ ሆዴ ተረበሸ፣ ከፋኝ ያሉት በዝተው ተገኙ። መንፈስ አየሁ ያለ ግን አልተሰማም።

ከድምፁ ይልቅ በዓለም የገነነው የማግኔት ነገር ነው። ካናዳዊው ማይክል ፐርሲንገር በሳድበሪ ከተማ ሎሬንሺያን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ደካማ መግነጢሳዊ መስክ ወደ አንጎል የሚልክ ቆብ ሠርቶ ብዙ ሰዎች አጠገባቸው የማይታይ አካል እንዳለ ተሰማቸው አለ። ጋዜጠኞች የእግዚአብሔር ቆብ አሉት። እምነት የለሽነቱን በመጻሕፍት ያወጀው ሪቻርድ ዳውኪንስም ለቢቢሲ ፕሮግራም ቆቡን አጥልቆ ተቀምጦ ነበር፤ ያገኘው ነገር ስላልነበረ ማዘኑን ተናገረ። የስዊድኑ ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ደግሞ ሙከራውን በ89 ሰዎች ላይ ደገሙት፤ ማግኔቱ መቼ እንደበራ ተፈታኙም ፈታኙም እንዳያውቅ አድርገው። በ2005 የታተመው ውጤት ማግኔቱ ቢበራም ባይበራም ለውጥ እንደሌለው አሳየ፤ ያልተለመደ ነገር የተሰማቸው በባሕርያቸው ነገርን ቶሎ የሚቀበሉት ነበሩ። ፐርሲንገር በ2018 እስኪሞት ድረስ ሙከራው በትክክል አልተሠራም እያለ ተከራከረ።

ለንደን ጎልድስሚዝስ ኮሌጅ የነበረው ክሪስ ፍሬንችና ባልደረቦቹ ይባስ ብለው መንፈስ ያለበት ክፍል ራሳቸው እንሥራ አሉ። ባዶ፣ ነጭ፣ ደብዛዛ ብርሃን ያለው ክብ ክፍል አዘጋጁ፤ መግነጢሳዊ መስኩንም የማይሰማውንም ድምፅ እያፈራረቁ አበሩት፣ አጠፉት። 79 ሰዎች ለየብቻቸው 50 ደቂቃ ቆዩበት። ያልተለመደ ነገር ሊሰማችሁ ይችላል ተብሎ ቀድሞ ተነግሯቸዋል። በ2009 ውጤቱ ወጣ፤ አብዛኞቹ ራሳቸውን አዞራቸው፤ ከአምስቱ አንዱ ያህል ከጎኑ የሆነ ነገር እንዳለ ተሰማው፤ ከባድ ፍርሃት የያዘውም ነበረ። ማሽኑ ከመብራቱና ከመጥፋቱ ጋር ግን የሚያገናኘው ነገር አልነበረም። መንፈሱን ወደ ክፍሉ ያስገባችው ቀድማ የተነገረችው ያቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ሳትሆን አትቀርም።

ነገሩ ሁሉ በወሬ የሚመጣ ነው ብሎ መደምደምም ግን ስሕተት ነው። ሪቻርድ ዋይዝማን የሚባል እንግሊዛዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ሁለት ስመ ጥር ቦታዎችን አጥንቶ ነበር። አንደኛው ከለንደን ወጣ ብሎ ያለው የሐምፕተን ኮርት ቤተ መንግሥት ነው፤ ንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ አንገቷን ያስቀላት ሚስቱ ካትሪን ሐዋርድ በአንዱ ኮሪደር እየጮኸች ትሮጣለች ይባላል። ሁለተኛው በኤዲንብራ ከተማ በ18ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ በተሠራው ደቡብ ድልድይ ሥር ያሉት የድንጋይ ዋሻዎች ናቸው። ጎብኚዎቹ መንፈስ አለባቸው በሚባሉት ክፍሎች ውስጥ ብዙ ነገር ተሰማቸው፤ የሚገርመው የትኛው ክፍል ምን እንደሚባል የማያውቁትም ጭምር መሆናቸው ነው። በዋሻዎቹ ልኬቱ ሲታይ ስሜቱ ከብርሃኑ መጠን፣ ከክፍሉ ስፋትና ከመግነጢሳዊ መስኩ መዋዠቅ ጋር ይሄዳል። ማግኔቱን ተዉት፤ ፍሬንች ክፍሉን ሠርቶ አሳይቶናል። ብርሃኑና ስፋቱ ግን ትርጉም ይሰጣል። ከበራበት ወደ ጨለመ፣ ከጠበበ ወደ ሰፋ ቦታ የገባ ሰው ዓይኑ እስኪለምድ ድረስ የሚያየውን በግምት ይሞላል፤ የማያየው ማዕዘን በበዛ ቁጥር ግምቱ ወደ ክፉ ያዘነብላል። አሮጌ ሕንፃ ደግሞ ነፋስ የሚያስገባ የተረሳ በር አያጣም፤ በሞቀ ክፍል መሐል አንዲት ቀዝቃዛ ቦታ ትገኛለች፤ ሰው እዚያች ላይ ሲቆም ይሸክከዋል።

ከኋላ የሚመጣው ያ የማይታይ ሰውስ? እሱን ለመረዳት ከቤት ወጥተን ተራራ እንውጣ። በ1933 ፍራንክ ስማይዝ የሚባል እንግሊዛዊ ኤቨረስትን ሲወጣ 8500 ሜትር ገደማ ላይ ብቻውን ቀረ። ኦክስጅን አልያዘም። በመንገዱ ሁሉ አብሮት የሚሄድ ሰው እንዳለ እርግጠኛ ነበር፤ ከእርግጠኝነቱ የተነሣ ለስንቅ የያዘውን የናና ጣፋጭ ለሁለት ከፍሎ ግማሹን ሊሰጠው ዞር አለ። ማንም የለም። ከእሱ በኋላም በኦክስጅን እጥረትና በድካም የተጎዱ ብዙ ተራራ ወጪዎች ስለዚሁ የመንገድ ጓደኛ ተናግረዋል።

በ2014 በስዊዘርላንድ ሎዛን ከተማ ኦላፍ ብላንከና ባልደረቦቹ ይህን ጓደኛ በቤተ ሙከራ ጠሩት። ተፈታኙ ዓይኑ ተሸፍኖ ከፊቱ ያለውን ዘንግ በእጁ ያንቀሳቅሳል፤ ከኋላው ያለ ሮቦት የእጁን እንቅስቃሴ እየደገመ ጀርባውን ይነካዋል። ሁለቱ እኩል ሲሄዱ ሰውየው የራሱን ጀርባ ራሱ የሚነካ ይመስለዋል። ሮቦቱ በግማሽ ሰከንድ ሲዘገይ ግን ከጀርባው ሌላ ሰው ቆመ። አንዳንዶቹ ፈርተው ሙከራው ይቁም አሉ። አንጎል እጅ የት እንዳለ፣ ጀርባ ምን እንደነካው፣ ሰውነት የት እንደቆመ ያለማቋረጥ ያሰላል፤ ስሌቱ ሲዛነፍ የራሱን አካል እንደ ሌላ ሰው ይቆጥረዋል። በሮቦት ማዛነፍ ይቻላል፤ ኦክስጅን በመንሳትም ይቻላል። የኤቨረስት ጫፍና በር የተዘጋበት የከሰል ክፍል ለአንጎል አንድ ዓይነት ነገር ይነፍጉታል።

በአገራችን ሌሊት ደረት ላይ የሚቀመጠው ዱካክ ከዚህ ይለያል። ሕልም በምናይበት የእንቅልፍ ክፍል ውስጥ ጡንቻዎቻችን ይታሰራሉ፤ ሕልሙን ተነሥተን እንዳንተውነው። አንዳንዴ ሰውየው ዓይኑን ሲገልጥ ጡንቻው ገና አልተፈታም፤ ሕልሙም አላለቀም። መጮህ ያቅተዋል፣ ደረቱ ይታፈናል፣ ከበሩ በኩል ጥቁር ነገር ይመጣል። ከ100 ሰው 8 ያህሉ በዕድሜው ቢያንስ አንድ ጊዜ ይደርስበታል፤ በጀርባ መተኛትና እንቅልፍ ማጣት ያባብሱታል። ጫት ቃሚዎች የለመዱትን ያጡ ቀን ዱካክ መጣብን የሚሉትም ያለ ነገር አይደለም፤ በጫት ተከልክሎ የቆየ ሕልም ሲለቀቅ በብዛትና በኃይል ይመጣል። መለያው ቀላል ነው፦ ዱካክ ሰውየውን ተከትሎ ቤት ይቀይራል፤ ጎኑ የተኛው ሰላም አድሮ ይነሣል። ጋዝ ግን ከቤቱ አይወጣም፤ ጎን ለጎን የተኙትን ሁለቱንም ይይዛል።

ስለዚህ የእኔ ፍርድ ይህ ነው። ማግኔቱ አልተረጋገጠም፤ ድምፁ ሰውን ይረብሽ ይሆናል እንጂ መንፈስ መፍጠሩን ያሳየ የለም፤ ጨለማና ነፋስ ፈሪን የበለጠ ያስፈራሉ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን አንጎልን እንደሚያቃዥ ሐኪም ያወቀው፣ ቤተሰብ እንደሚገድልም ሁሉም ያየው ነገር ነው። መንፈስ አለበት የሚባል ቤት ሁሉ ጋዝ አለበት ማለቴ አይደለም። መጀመሪያ መመርመር ያለበት ግን ጋዙ ነው፤ ሌላው ሁሉ ቆይቶ ሊጣራ ይችላል፤ ይህኛው እስኪነጋ አይቆይም።

በአሜሪካ ብዙ ግዛቶች የመኖሪያ ቤት ያለ ካርቦን ሞኖክሳይድ ጠቋሚ መሣሪያ እንዳይከራይ ሕግ አለ፤ እዚያ ያላችሁ ወገኖች ከሰል አቀጣጥላችሁ ቡና ስታፈሉ ቢጮህባችሁ ባትሪውን አትንቀሉት። መሣሪያው በሌለበት ቤት ምልክቱን የሚያነበው ሰው ራሱ ነው። በአንድ ቤት ያሉ ሰዎች ራሳቸውን በአንድ ጊዜ ካመማቸው፣ ካቅለሸለሻቸው፣ ውጭ ሲወጡም ከተሻላቸው፣ ሌላ ምክንያት ከመፈለግ በፊት ሁሉም ይውጡ፤ በርና መስኮት ይከፈት፤ ከሰሉ ይውጣ። ወተት ማጠጣት ጋዙን ከደም አያስወጣም፤ መድኃኒቱ ኦክስጅን ነው፤ ኦክስጅን ያለው ሐኪም ቤት ነው። እዚያ ስትደርሱ ቤት ውስጥ ከሰል ይነድ እንደነበር ለሐኪሙ መጀመሪያ ንገሩት፤ ጣት ላይ የሚቆነጠጠው የኦክስጅን መለኪያ ካርቦን ሞኖክሳይድን ከኦክስጅን ስለማይለይ፣ የተመረዘውን ሰው ጤነኛ አስመስሎ ያሳያል። በአዲስ አበባ የእሳትና አደጋ ስልክ 939፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው።